ሠራተኛውን የፊልም ጀግና ያደረገው ሰርጌይ አይዘንስታይን

ከገጠር ወጥተው ወደ ፋብሪካ የገቡ ብዙ ወጣቶች ለሚኖሩባት ለሀዋሳ፣ የሠራተኛው የትግል ታሪክ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ይህን ታሪክ በፊልም ለዓለም ካሳዩት ቀደምት ባለሙያዎች አንዱ፣ «አድማ» የተሰኘውን ድምፅ አልባ ፊልም ያዘጋጀው ሰርጌይ አይዘንስታይን ነው።

አይዘንስታይን እ.ኤ.አ. በጥር 1898 በዛሬዋ የላትቪያ ዋና ከተማ በሪጋ ተወለደ። አባቱ በከተማዋ የታወቁ ሕንፃዎችን የነደፈ መሐንዲስ ነበር፤ ልጁም ፈለጉን ተከትሎ በፔትሮግራድ ምሕንድስና መማር ጀመረ። የሩሲያ አብዮት ግን ቤተሰቡን ለሁለት ከፈለው። እ.ኤ.አ. በ1918 ልጅ ከቀይ ጦር ጋር ሲሰለፍ አባት ከተቃራኒው ወገን ቆመ። ከጦርነቱ በኋላ ወጣቱ በሞስኮ ወደ ሠራተኞች ቴአትር ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1924ም አንድ ተውኔት በእውነተኛ የጋዝ ፋብሪካ ውስጥ አሳየ። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ፊልም አዞረ።

«አድማ» እ.ኤ.አ. በ1925 ለሕዝብ ሲቀርብ አዘጋጁ ገና የ27 ዓመት ወጣት ነበር። ታሪኩ የሚፈጸመው በዛር ዘመን በነበረ ፋብሪካ ነው። አንድ ሠራተኛ ባልፈጸመው ስርቆት ተወንጅሎ ራሱን ያጠፋል። ባልደረቦቹ ሥራ አቁመው የሥራ ሰዓት በቀን 8 እንዲሆን ይጠይቃሉ። ቀናት ሲገፉ ረሃብ በየቤቱ ይገባል፤ ባለፋብሪካዎቹም ሰላይ ያሰማራሉ። የተቀጠሩ ወሮበሎች የለኮሱት እሳት ሰበብ ሆኖ በአድመኞቹ ላይ ኃይል ይዘምታል። የሠራተኞቹ እልቂት ከበሬ እርድ ጋር እየተፈራረቀ የሚታይበት መዝጊያ፣ የተለያዩ ምስሎችን አጋጭቶ አዲስ ትርጉም የመፍጠር ስልቱን ያስተዋወቀ ሆነ። በፊልሙ ጎልቶ የሚወጣ አንድ ግለሰብ የለም፤ ጀግናው የተባበረው ሠራተኛ ራሱ ነው።

በዚያው ዓመት የመርከበኞችን አመፅ የሚተርከው «የጦር መርከብ ፖቴምኪን» ዝናውን በዓለም አናኘው። እ.ኤ.አ. በ1929 ደግሞ አንዲት ድሃ ገበሬ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ለማቋቋም የምታደርገውን ትግል በ«አሮጌውና አዲሱ» አሳየ።

ይሁንና በሠራተኛው ስም የሚገዛው መንግሥት የሠራተኛውን ተራኪ አላመነውም። ስለ ገጠር ሕይወት የጀመረው «የቤዢን መስክ» እ.ኤ.አ. በ1937 እንዲቋረጥ ተደረገ፤ እርሱም በአደባባይ ጥፋቱን እንዲያምን ተገደደ። የ«አስፈሪው ኢቫን» ሁለተኛ ክፍልም ታገደ። አይዘንስታይን እ.ኤ.አ. በየካቲት 1948 በልብ ሕመም በ50 ዓመቱ ሞስኮ ውስጥ ሲያርፍ ፊልሙ ገና አልተለቀቀም ነበር። ለተመልካች የበቃው ከ10 ዓመት በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ የሠራተኛና አሠሪ ግንኙነት አዋጅ የወጣው «አድማ» ለዕይታ ከቀረበ ወደ 40 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ፊልሙ ያነሣቸው የሥራ ሰዓት፣ የክብርና የመደራጀት ጥያቄዎች ግን ፋብሪካ ባለበት ሁሉ ዛሬም ይነሣሉ።