ዶክተር ኤሊየት ጆስሊን፦ ክብደትን፣ ምግብንና ኢንሱሊንን አያይዘው ያዩ ሐኪም

ሐኪምዎ የደምዎ ስኳር ከፍ ማለቱን ነግሮዎት፣ ክብደት እንዲቀንሱና በእግርዎ እንዲሄዱ መክሮዎት ይሆናል። ምክሩ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው ችላ ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ ስብ ያቀልጣል የተባለ እንክብል ፍለጋ ይገባል። ይህ ምክር ግን በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ከጀርባው ስድሳ ዓመት ያህል የስኳር ሕሙማንን ሲያክሙና ሲመዘግቡ የኖሩ ሐኪም አሉ። የእኚህን ሰው ሕይወት ማወቅ፣ ሰውነትዎ ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ እንዴት ማሻሻል እንደሚችሉ ለመረዳት ይጠቅምዎታል።

ትውልድና ትምህርት

ኤሊየት ጆስሊን እ.ኤ.አ. በ1869 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኦክስፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። በዬል ከተማሩ በኋላ የሕክምና ትምህርታቸውን በሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1895 አጠናቀቁ። ገና ተማሪ ሳሉ አንዲት የስኳር ሕመምተኛን ሁኔታ በመዝገብ ጻፉ። ያ ልማድ ሳይቋረጥ ቀጠለ። የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ዕድሜ፣ ክብደት፣ አመጋገብና የበሽታውን አካሄድ ይመዘግቡ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1898 በቦስተን ማከም ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ወላጅ እናታቸው በስኳር በሽታ ተያዙ። በዚያ ዘመን መድኃኒት ስላልነበረ ልጅየው እናታቸውን በጥብቅ አመጋገብ ተከታተሉ፤ እናትየውም ከአሥር ዓመት በላይ ኖሩ። በቤትዎ የታመመ ሰው እያስታመሙ ከሆነ፣ ይህ ሐኪም ጉዳዩን ያወቁት በቤተሰብም በኩል እንደነበረ ያስታውሱ።

ኢንሱሊን ሳይገኝ በፊት

እ.ኤ.አ. በ1916 ጆስሊን በአንድ ሺህ ሕሙማን ላይ የተመሠረተ የሕክምና መጽሐፍ አሳተሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሕመምተኛውም ጭምር እንዲያነበው የተዘጋጀ መመሪያ አወጡ። ሕመምተኛው ስለ በሽታው ካላወቀ ሕክምናው አይሳካም ብለው ያምኑ ነበር።

በዚያን ጊዜ የነበረው ዋና ሕክምና የሥራ ባልደረባቸው ፍሬደሪክ አለን ያስፋፉት የምግብ ቅነሳ ነበር። ሕመምተኛው ስኳር ከሽንቱ እስኪጠፋ ድረስ ይጾማል፤ ከዚያም ጥቂት ጥቂት ምግብ ይጨመርለታል። ይህ ዘዴ የአንዳንዶችን ዕድሜ አራዘመ። ኢንሱሊን ፈጽሞ ለማያመርቱ ልጆች ግን በረሃብ እየከሱ ሞትን ከማዘግየት ያለፈ ጥቅም አልነበረውም። እዚህ ላይ ያስተውሉ፦ የምግብ ቅነሳ ለአንዱ መድኃኒት ሲሆን ለሌላው ጉዳት ነበር። ምክንያቱ ግን ገና አልታወቀም ነበር።

ጎን ለጎን የቆሙት ሦስት ቤቶች

እ.ኤ.አ. በ1921 ጆስሊን የስኳር በሽታን ስለመከላከል አንድ ጽሑፍ አወጡ። በጽሑፉ ውስጥ በአንዲት ትንሽ መንደር ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት ቤቶችን ጠቀሱ። በየጊዜው በእነዚህ ቤቶች ከኖሩት ሰባት የቤተሰብ ኃላፊዎች መካከል ስድስቱ በስኳር በሽታ ሞተዋል። በሽታው ተላላፊ ወረርሽኝ ቢሆን ኖሮ የጤና ባለሥልጣናት ፈጥነው በደረሱ ነበር፤ ስኳር ስለሆነ ግን ማንም አልጠየቀም ሲሉ አስረዱ።

ጆስሊን መዝገባቸውን ሲመረምሩ በጉልምስና ዕድሜ ከታመሙት መካከል ብዙዎቹ ከመታመማቸው በፊት ከመጠን በላይ ወፍራም እንደነበሩ አዩ። ስለዚህ ውፍረትን መከላከል በሽታውን መከላከል ነው፣ በተለይ የስኳር ሕሙማን ዘመዶች ክብደታቸውን መጠበቅ አለባቸው የሚል አቋም ያዙ። እናትዎ፣ አባትዎ ወይም ወንድምዎ ስኳር ካለበት ይህ ምክር ዛሬም እርስዎን ይመለከታል።

ኢንሱሊን ሲመጣ

በዚያው በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ኢንሱሊን ተገኘ፤ በጥር 1922 ለመጀመሪያ ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ታከመበት። ጆስሊንም በነሐሴ 1922 የመጀመሪያ ሕመምተኛቸውን በኢንሱሊን አከሙ። ለመሞት የደረሱ ልጆች ክብደት ጨምረው ወደ ትምህርት ቤት ተመለሱ።

ብዙዎች ችግሩ ተፈታ ብለው ሲደሰቱ፣ ጆስሊን ግን መርፌው ብቻውን አይበቃም አሉ። ሕክምናውን ሦስት ፈረሶች በሚጎትቱት ሠረገላ ይመስሉት ነበር፤ ፈረሶቹ ምግብ፣ ኢንሱሊንና የሰውነት እንቅስቃሴ ናቸው። አንዱ ፈረስ ከቆመ ሠረገላው ይናጋል። ነርሶችን አሠልጥነው ወደ ሕሙማን ቤት ይልኩ ነበር፤ መርፌ አወጋግን፣ ምግብ አመጣጠንንና የእግር እንክብካቤን በየቤቱ ያስተምሩ ነበር። በዚያው ልክ ጥብቅና ተቆጪ ሐኪም ነበሩ። ስኳሩ ያልተስተካከለለትን ሰው ጥፋተኛ አድርጎ የማየት አዝማሚያቸው ዛሬ አይደገፍም፤ በሽታው የዘርና የኑሮ ሁኔታም ውጤት ነውና ራስዎን አይውቀሱ።

ኢንሱሊን እያለ የማይሠራው ለምንድን ነው?

መልሱ እ.ኤ.አ. በ1936 ከእንግሊዝ መጣ። ሃሮልድ ሂምስዎርዝ የተባሉ ሐኪም ለሕሙማን ስኳር እያጠጡ በዚያው ጊዜ ኢንሱሊን ወጉ። በአንዳንዶቹ ኢንሱሊኑ የደም ስኳሩ እንዳይጨምር ገታው፤ በሌሎቹ ግን የተወጋው ኢንሱሊን እምብዛም ሳይሠራ ስኳሩ ከፍ አለ። የመጀመሪያዎቹ በአብዛኛው ወጣቶችና ቀጫጮች፣ ሁለተኛዎቹ ደግሞ በዕድሜ የገፉና ወፍራሞች ነበሩ። ዛሬ ዓይነት 1 እና ዓይነት 2 የምንለው ልዩነት በዚህ መንገድ ታየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንሱሊን ከቆሽት የሚመነጭ ሆርሞን ሲሆን ስኳር ከደም ወደ ጡንቻ እንዲገባና ጉበት ተጨማሪ ስኳር እንዳይለቅ ያዛል። በሆድ ዙሪያ፣ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ስብ ሲከማች ትእዛዙ በደንብ አይሰማም። ቆሽት ይህን ለማካካስ ብዙ ኢንሱሊን ያመነጫል። ለዓመታት እንዲህ ሲደክም ቆይቶ ሲያቅተው የደም ስኳር ይጨምራል። ክብደት ሲቀንሱ በተለይ የጉበት ስብ ቀድሞ ይቀንሳል፤ ጡንቻዎ ሲሠራ ደግሞ ስኳርን በቀላሉ ይወስዳል።

በኋላ የተደረገ ትልቅ የአሜሪካ ጥናትም የጆስሊንን አቋም አጠናከረ። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው በዚህ ጥናት፣ ለስኳር የተቃረቡ ሰዎች የክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ዓላማ ይዘው ሲሠሩ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ ቀነሰላቸው። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት ከ6 ኪሎ ያነሰ ነው።

ሳያውቁት የታመሙት

እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1947 በጆስሊን የትውልድ ከተማ በኦክስፎርድ 3,516 ሰዎች ተመረመሩ። ስኳር ከተገኘባቸው 70 ሰዎች መካከል 30ዎቹ መታመማቸውን አያውቁም ነበር። ውፍረት፣ የደም ግፊት ወይም በቤተሰብ ስኳር ካለብዎ ሕመም እስኪሰማዎ አይጠብቁ፤ ይመርመሩ።

ከዚህ ሕይወት ለእርስዎ የሚጠቅሙ ነጥቦች

• ምግብ፦ ከማዕድዎ ግማሹ እንደ ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና ፎሶልያ ያለ አትክልት ይሁን። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ በአሰር የበለጸጉ ስለሆኑ ስኳር ቀስ ብሎ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳሉ። የእንጀራ፣ የዳቦ፣ የፓስታና የሩዝ መጠን ይቀንሱ። ለስላሳ መጠጥና ስኳር የበዛበት ሻይ ይተዉ። በወጥ ላይ የሚጨመረውን ዘይትና ቅቤም ይመጥኑ።

• እንቅስቃሴ፦ ከምግብ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መራመድ የደም ስኳርን ለመቀነስ ይረዳል። በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠናክር ሥራ ይጨምሩ።

• ተጨማሪ እንክብሎች፦ ክሮሚየም፣ ቀረፋ፣ አብሽና ማግኒዚየም ለኢንሱሊን ይረዳሉ ተብለው ይሸጣሉ። የጥናቶቹ ውጤት ወጥ አይደለም፤ ክብደትንም በሚያስተማምን መጠን አይቀንሱም። ቫይታሚንም ሆነ ማዕድን በምርመራ እጥረት ከተገኘብዎ ግን መተካት ተገቢ ነው። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ከወሰዱ ቫይታሚን ቢ12 ሊያንስዎ ስለሚችል ምርመራ ይጠይቁ። የኩላሊት ሕመም ካለብዎ ማግኒዚየምን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ። በጆስሊን ዘመንም እ.ኤ.አ. በ1926 ሲንታሊን የተባለ እንክብል መርፌን ይተካል ተብሎ ወጥቶ ነበር፤ በጉበት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት ተተወ።

• መድኃኒት፦ ኢንሱሊን ወይም ቆሽትን የሚያነቃቁ እንክብሎች የሚወስዱ ከሆነ፣ ምግብ ከመቀነስዎ ወይም ጾም ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ። የመድኃኒቱ መጠን ካልተስተካከለ ስኳርዎ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ምልክቶቹ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠንና ግራ መጋባት ናቸው። እነዚህ ከታዩ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ስኳርዎን ይለኩ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይስጡ፤ ፈጥነው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

• ለቤተሰብ፦ ሳይፈልግ በፍጥነት የሚከሳ፣ ውኃ የሚጠማውና ሽንቱ የሚበዛ ሰው ካለ ክብደት ቀነሰ ብላችሁ አትደሰቱ። ይህ የኢንሱሊን እጥረት ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይመርመር። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን በማንኛውም አመጋገብ ወይም እንክብል መተካት አይችልም።

ዶክተር ጆስሊን እ.ኤ.አ. በጥር 1962 በ92 ዓመታቸው አረፉ። በቦስተን በስማቸው የሚጠራው የስኳር ሕክምና ማዕከል እስከ ዛሬ ይሠራል። እሳቸው በየቀኑ ይጽፉ የነበረውን መዝገብ እርስዎም በአንድ ደብተር ሊጀምሩት ይችላሉ፦ የጠዋት ስኳርዎን፣ የሳምንት ክብደትዎን፣ የበሉትንና የተራመዱትን ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮዎም ደብተሩን ለሐኪምዎ ያሳዩ።