በመርፌዋና በልጆቿ መካከል፦ የቅድስት ዘሊ ማርቲን ሕይወት

የቅዱሳን ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ሰማዕታት፣ ስለ መነኮሳትና ስለ ደናግል ነው። ከዚህም የተነሣ ቀኑን ሙሉ ከልጆቿና ከዕለት እንጀራዋ ጋር ስትታገል የምትውል እናት፣ ቅድስና የሌሎች ዕድል፣ የእርሷ ድርሻ ግን ድካም ብቻ እንደ ሆነ አድርጋ ታስባለች። ዛሬ ሕይወቷን የምናስታውሳት ቅድስት ዘሊ ማርቲን ይህን አሳብ እንደገና እንድንመረምር ትጋብዘናለች። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘሊ ጌራን በዲሴምበር 23 ቀን 1831 በፈረንሳይ አገር፣ በኖርማንዲ ምድር፣ በአለንሶን ከተማ አካባቢ ተወለደች። አባቷ ወታደር የነበረ፣ ኋላም በጸጥታ አስከባሪነት ያገለገለ ሰው ነው። እናቷ አጥባቂ ሃይማኖተኛ ብትሆንም ጠባይዋ የከረረ ስለ ነበር፣ ዘሊ አንዲት አሻንጉሊት እንኳ ሳይኖራት አደገች። የልጅነቷን ኀዘን ዓመታት ካለፉ በኋላ ለወንድሟ በጻፈችው ደብዳቤ ገልጣዋለች።

በወጣትነቷ ምኞቷ አንድ ነበር፤ ይኸውም ወደ ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል የፍቅር ሥራ ልጆች ማኅበር ገብታ ድውያንን ማገልገል ነው። በአለንሶን ሆስፒታል የነበሩትን የማኅበሩን አለቃ ሄዳ ብትጠይቅም፣ ጥሪሽ ይህ አይደለም ተብላ ተመለሰች። ታላቅ እኅቷ በ1858 በለ ማን ከተማ ወደሚገኘው የቪዚታሲዮን ገዳም ስትገባ፣ እርሷ በዓለም ቀረች። ለእግዚአብሔር ልስጥ ያለችውን ሕይወት የሚቀበላት አጥታ ስትመለስ ልቧ ምን ያህል እንደ ቆሰለ መገመት አያዳግትም። ሆኖም ከተዘጋው ደጅ ፊት ቆማ አልቀረችም። በትዳር ብትኖር ብዙ ልጆች እንዲሰጣት፣ ሁሉም ለእርሱ እንዲሆኑ እግዚአብሔርን ለመነች፤ ከዚያም እንጀራ የሚያበላ ሙያ መፈለግ ጀመረች።

ያገኘችው ሙያ የአለንሶን ዳንቴል ነው። ይህ ዳንቴል በመርፌ ብቻ የሚሠራ፣ እጅግ ረቂቅ ጥበብ ሲሆን፣ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ለመሥራት 7 ሰዓት ያህል ይጠይቃል። ዩኔስኮም በ2010 በሰው ልጆች ቅርስነት መዝግቦታል። ዘሊ ይህን ተምራ በ1853 የራሷን ሥራ አቋቋመች። በየቤታቸው የሚሠሩ ሴቶች ነበሯት፤ ሐሙስ ሐሙስ የሠሩትን ሲያመጡላት፣ ቁርጥራጮቹን መጋጠሚያው ሳይታይ የማያያዙን እጅግ አድካሚ ሥራ እርሷ ራሷ ትሠራ ነበር። ከሠራተኞቿ አንዲቱ ስትታመም ሄዳ ትጠይቃታለች፤ የሚያስፈልጋትንም ትረዳታለች።

በጁላይ 13 ቀን 1858 ሉዊ ማርቲን ከተባለ ሰዓት ሠሪ ጋር ምሥጢረ ተክሊልን ተቀበለች። ሉዊም በወጣትነቱ ገዳም ለመግባት ፈልጎ፣ ላቲን ባለማወቁ የተመለሰ ሰው ነበር። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹን 10 ወራት እንደ ወንድምና እኅት ከኖሩ በኋላ፣ የንስሐ አባታቸው በሰጧቸው ምክር የትዳርን ሙሉ ጥሪ ተቀበሉ፤ 9 ልጆችም ወለዱ። የዘሊ ሥራ እየሰፋ በመሄዱ፣ በ1870 ሉዊ የሰዓት ሱቁን ለዘመዱ ሸጦ የሚስቱ ረዳት ሆነ።

የዘሊ ቀን የሚጀምረው ማለዳ በ5 ሰዓት ተኩል (በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል) ከባሏ ጋር በምታስቀድሰው ቅዳሴ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጆች፣ ትእዛዝ፣ ሒሳብና መርፌ ይጠብቋታል። ከእጇ የወጡና እስከ ዛሬ የተጠበቁ ከ200 በላይ ደብዳቤዎች ድካሟን ሳይደብቁ ይነግሩናል። እንደ ማንኛዋም እናት ትጨነቃለች፣ ትማረራለች፣ እንቅልፍም ያምራታል፤ በማግስቱም ወደ ቅዳሴዋና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

መስቀሏ ቀላል አልነበረም። ከ1867 እስከ 1870 ድረስ ሁለት ወንዶች ልጆቿን፣ የ5 ዓመቷን ኤሌንንና አንዲት ጨቅላ ሕፃን ቀበረች። ባይወለዱ ይሻል ነበር ለሚሏት ሰዎች፣ የልጆቿ ዘላለማዊ ደስታ ከእርሷ መከራ ጋር ሊመዛዘን እንደማይችል ትመልስላቸው ነበር። በ1873 የተወለደችው የመጨረሻዋ ልጅ ተሬዛም ለሞት ስለ ተቃረበች፣ በገጠር በምትኖር ሞግዚት ዘንድ አንድ ዓመት ያህል ተቀምጣ ዳነች።

ምናልባት ከሁሉ የከበደው የሦስተኛ ልጇ የሌዮኒ ነገር ነው። ልጅቱ እልኸኛ፣ ለትምህርትም የማትመች ሆና፣ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ደጋግማ ተመልሳለች። እናቲቱ ምክንያቱን ልትረዳው አልቻለችም። በ1877 ግን የቤቱ ሠራተኛ ሌዮኒን በድብቅ እያስፈራራች ስትገዛት እንደ ኖረች ታወቀ። ዘሊ በጽኑ ታማ ሳለች ልጇን ከሠራተኛዋ ሥልጣን አውጥታ ወደ ራሷ አቀረበቻት፤ የቀሯትንም ጥቂት ወራት የልጅቱን ልብ በፍቅር ለመመለስ አዋለቻቸው።

ሕመሟ የጡት ካንሰር ነበር። በ1876 መጨረሻ ሐኪሞች ቀዶ ጥገና ማድረግ እንደማይጠቅማት ነገሯት። በጁን 1877 ሦስቱን ታላላቅ ልጆቿን ይዛ ወደ ሉርድ ተሳለመች፤ በጠበሉም ተጠመቀች፤ ፈውስ ግን አላገኘችም። እምነቷ ሳይጎድል ወደ ቤቷ ተመልሳ፣ በኦገስት 28 ቀን 1877 በ45 ዓመቷ ዐረፈች። ተሬዛ በዚያን ጊዜ ገና 4 ዓመቷ ነበር።

ጸሎቷ ግን ፍሬ አፈራ። አምስቱም ልጆቿ መነኮሱ፤ አራቱ ወደ ሊዝዩ ቀርሜሎስ ገቡ። ትንሿ ልጅ ቅድስት ተሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስ ተባለች፤ በ1997ም የቤተ ክርስቲያን መምህርት ተብላ ተሰየመች። ያቺ አስቸጋሪዋ ሌዮኒም ብዙ ጊዜ ሞክራ ሳይሳካላት ከቀረ በኋላ በቪዚታሲዮን ገዳም ጸናች፤ የቅድስናዋም ጉዳይ ምርመራ በ2015 ተከፍቷል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር 18 ቀን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ዘሊንና ሉዊን በአንድነት ቅዱሳን ብለው አወጁ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ዘሊ የተመኘችውን ገዳም አላገኘችም፤ ፈውስም አላገኘችም። ያገኘችው መርፌ፣ ባል፣ ልጆች፣ ሠራተኞችና የሰው ችግር ነበር፤ እግዚአብሔርን የወደደችውም በእነዚሁ ውስጥ ነው። እንግዲህ በየቁምስናችን ያላችሁ እናቶችና እኅቶች፤ ማልዳችሁ የምትነሡበት፣ አስቸጋሪውን ልጅ የምትታገሡበት፣ ለሠራተኛ ተገቢውን ደመወዝ በጊዜው የምትከፍሉበት ቀን በእግዚአብሔር ፊት የጠፋ ቀን እንዳይመስላችሁ። አባቶችና ባሎችም ከሉዊ እንማር፤ እርሱ የሚስቱን ድካም አይቶ ሱቁን ሸጧልና።

የቅድስት ዘሊና የቅዱስ ሉዊ አማላጅነት ቤተሰቦቻችንን ይጠብቅልን፤ አሜን።