የተጎዳ ፊት ጠጋኙ ሐኪም ሰር ሃሮልድ ጊሊስ

በጠባሳ ተስቦ ወደ ውጭ የተገለበጠ የታችኛው የዐይን ቆብ መልክን ከማበላሸት አልፎ ለዓይነ ስውርነት ይዳርጋል። ዐይን በሚገባ መከደን ሲሳነው ብሌኑ ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ውሎ አድሮም ብርሃኑን ያጣል። ለዚህ ጉዳት መፍትሔ ካስገኙት ሐኪሞች መካከል የዘመናዊ ፕላስቲክ ሰርጀሪ አባት የሚባሉት ሰር ሃሮልድ ጊሊስ ይገኙበታል።

ጊሊስ እ.ኤ.አ. በ1882 በኒውዚላንድ ዱኒደን ከተማ ተወለዱ። በእንግሊዝ አገር ሕክምና ተምረው የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሆኑ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በ1915 ወደ ፈረንሳይ ተጉዘው ፊታቸው የተጎዳ ወታደሮችን ተመለከቱ። የቁስሉ ጠርዝ ተስቦ ብቻ ሲሰፋ ጠባሳው እየተኮማተረ ፊትን መልሶ እንደሚያጣምም በመገንዘባቸው፣ በ1916 በአልደርሾት ወታደራዊ ሆስፒታል ልዩ ክፍል አቋቋሙ። በዚያው ዓመት ከሶም ውጊያ 2 ሺህ ያህል ቁስለኞች በመምጣታቸው በ1917 በሲድከፕ ራሱን የቻለ ሆስፒታል ተከፈተ። በዚያም ከ5 ሺህ በላይ ለሆኑ ቁስለኞች ከ11 ሺህ በላይ ቀዶ ሕክምናዎች ተካሂደዋል።

ጊሊስ የተገለበጠን የዐይን ቆብ ለማስተካከል በቅድሚያ የያዘውን ጠባሳ በመቁረጥ ቆቡን ወደ ቦታው ይመልሱ ነበር። ከዚያም በቁስሉ ልክ በተዘጋጀ ቅርጽ ላይ ስስ ቆዳ ጠቅልለው በክፍተቱ ውስጥ በመስፋት፣ አዲሱ ቆዳ እስኪይዝ ድረስ ያቆዩታል። በ1917 በባሩድ ቃጠሎ የተጎዳ አንድ መርከበኛ ሲያክሙም፣ ከደረት የተነሳ ቆዳን ከሥሩ ሳይነጥሉ እንደ ቱቦ ጠቅልሎ መስፋት የደም ዝውውሩን እንደሚጠብቅና ኢንፌክሽንን እንደሚቀንስ አረጋገጡ። የኦዴሳው ሐኪም ፊላቶቭም በዚያው ዘመን ለብቻቸው ተመሳሳይ ዘዴ አግኝተው ነበር።

ሥራው ግን ያለ መሥዋዕትነት አልተከናወነም። በ1918 መላ ፊቱ የተቃጠለ አንድ አብራሪ ከከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሕይወቱ አልፏል። ጊሊስም ሕክምናው ሳይቻኮል በየደረጃው መከፈል እንዳለበት ከዚህ ተምረዋል።

በ1920 ስለ ፊት ጥገና መጽሐፍ ያሳተሙት ጊሊስ፣ በ1930 የሰርነት ማዕረግ አግኝተው በ1960 በ78 ዓመታቸው አረፉ።

በአገራችን ትራኮማ የላይኛውን የዐይን ቆብ ወደ ውስጥ እያጠፈ፣ የእሳት ቃጠሎም ቆብን እየሳበ ለተመሳሳይ አደጋ ያጋልጣሉ። በሚሲዮናውያን ተመሥርቶ ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነውን የኦቶና ሆስፒታል ለመሰሉ ተቋማት፣ ሕሙማን ብሌናቸው ሳይጎዳ በወቅቱ መላካቸው ከሁሉ ይቀድማል።