ክርስቲያን ቦር

ክርስቲያን ቦር (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1855 – ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1911) የዴንማርክ ሐኪምና የፊዚዮሎጂ ሊቅ ነበር። ደም ኦክስጅንን ከሳምባ ተሸክሞ ለሰውነት ክፍሎች እንዴት እንደሚያስረክብ ካስረዱት ሰዎች አንዱ ሲሆን፣ በ1904 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያገኘው ክስተት እስከ ዛሬ የቦር ውጤት ይባላል። ብዙ አንባቢ ግን የቦርን ስም የሚያውቀው የአቶምን አሠራር ባጠናው በልጁ በኒልስ ቦር በኩል ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ቤተሰብ

ክርስቲያን ቦር የተወለደው በኮፐንሄገን ሲሆን አባቱ መምህር ነበር። ሕክምና ተምሮ በ1880 የዶክተርነት ማዕረግ ካገኘ በኋላ ወደ ጀርመን አገር ሄዶ በላይፕሲግ ከካርል ሉድቪግ ዘንድ ሠራ። የሉድቪግ ላቦራቶሪ በሜርኩሪ ፓምፕ ጋዞችን ከደም እየሳበ በመለካት የታወቀ ነበር። ቦርም ዕድሜውን ሁሉ ያሳለፈው በዚሁ የደምና የጋዝ ጉዳይ ላይ ነው። በ1890 በኮፐንሄገን ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ።

በ1881 ከአይሁዳዊ የባንክ ባለቤት ቤተሰብ የተወለደችውን ኤለን አድለርን አገባ። ጄኒ፣ ኒልስና ሃራልድ የተባሉ ሦስት ልጆች ወለዱ። ሃራልድ የታወቀ የሒሳብ ሊቅ ሆነ፤ በ1908ቱ የለንደን ኦሊምፒክም ለዴንማርክ እግር ኳስ ቡድን ተሰልፎ የብር ሜዳልያ አግኝቷል። ፈላስፋው ሃራልድ ሆፍዲንግ፣ የፊዚክስ ሊቁ ክርስቲያን ክርስቲያንሰንና የቋንቋ ሊቁ ቪልሄልም ቶምሰን ከቦር ጋር ተሰብስበው ሲከራከሩ ልጆቹ በዝምታ ተቀምጠው እንዲያዳምጡ ይፈቀድላቸው ነበር።

ደም ኦክስጅንን እንዴት ይለቃል

በቦር ዘመን በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን እንደሚይዝ ይታወቅ ነበር። የሄሞግሎቢን ድርሻ ትልቅ ነው፤ 100 ሚሊሊትር የደም ቅዳ ደም 20 ሚሊሊትር ያህል ኦክስጅን ሲሸከም፣ በፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ የሚሄደው 0.3 ሚሊሊትር ብቻ ነው። አስቸጋሪው ጥያቄ መያዙ ሳይሆን መልቀቁ ነበር። ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን አጥብቆ ከያዘ ጡንቻው ጋ ሲደርስ አይለቅም፤ አላልቶ ከያዘም በሳምባ ውስጥ በደንብ አይጫንም።

ቦር ደምን ከተለያየ የኦክስጅን ግፊት ጋር እያገናኘ ምን ያህሉ ሄሞግሎቢን እንደተሞላ ለካ። ውጤቱን በግራፍ ሲያስቀምጠው፣ ቀደም ሲል እንደታሰበው ተራ ጎባጣ መስመር ሳይሆን በላቲን ፊደል ኤስ ቅርጽ የተጣመመ መስመር ሆነ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በሳምባ ውስጥ የኦክስጅን ግፊት 100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ሲሆን ሄሞግሎቢኑ 97 በመቶ ገደማ ይሞላል። መስመሩ በላይኛው ጫፍ ላይ ዝርግ ስለሆነ ግፊቱ ትንሽ ቢቀንስ ጭነቱ ብዙም አይጎድልም። ወደ ታች ግን ቁልቁለቱ ይበረታል፤ በ40 ሚሊሜትር 75 በመቶ፣ በ27 ሚሊሜትር ደግሞ ግማሽ ያህሉ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ጡንቻው በጣም በሠራና ኦክስጅኑን በጨረሰ ቁጥር ደሙም አብዝቶ ይለቅለታል።

በ1904 ቦር፣ ካርል ሃሰልባልክና ወጣቱ ረዳቱ አውጉስት ክሮግ በውሻ ደም ላይ ሌላ ነገር አዩ። ከደሙ ጋር የተገናኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ መስመሩ ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ ማለትም በዚያው የኦክስጅን ግፊት ሄሞግሎቢኑ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ይሆናል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመረተው ደግሞ ኦክስጅን በሚፈጅበት ቦታ ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራው ሕዋስ ቆሻሻው ራሱ ምግቡን ያስለቅቅለታል። በሳምባ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲወጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሄሞግሎቢኑ መልሶ ይጠብቃል። ምክንያቱ የተብራራው በኋላ ነው፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ አሲድ ይፈጥራል፣ የአሲዱም የሃይድሮጅን አዮኖች ሄሞግሎቢን ላይ ተጣብቀው ቅርጹን ይለውጡታል። ሰው ያለ ልክ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚያልቅበት ደሙ በኦክስጅን ተሞልቶም ቢሆን ለመልቀቅ ይሰስታል።

ክስተቱ በቦር ስም ብቻ ቢጠራም የጥናት ጽሑፉ የሦስቱንም ስም ይዟል። ክሮግ መሣሪያ በመሥራት የተካነ ስለነበር፣ ያለ እሱ እጅ ያን ያህል ጥራት ያለው ልኬት ይገኝ ነበር ማለት ያስቸግራል።

የሳምባው ክርክር

ቦር አጥብቆ የያዘው ሌላ ሐሳብ ግን ስህተት ነበር። ከ1891 ገደማ ጀምሮ ባደረጋቸው ልኬቶች በደም ቅዳ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት አንዳንድ ጊዜ በሳምባ ከረጢቶች ካለው አየር ግፊት በልጦ ታየው። ጋዝ በራሱ ከአነስተኛ ግፊት ወደ ከፍተኛ ግፊት ስለማይሄድ፣ ሳምባ እንደ ዕጢ ኦክስጅንን እየገፋ ወደ ደም ያስገባል ብሎ ደመደመ። ሐሳቡ ከንቱ አልነበረም፤ ዓሣ ለመንሳፈፍ የሚጠቀምበት የአየር ከረጢት በዙሪያው ካለው ውሃ በበለጠ ግፊት በኦክስጅን እንደሚሞላ ቦር ራሱ አጥንቷል፤ ይህም እውነት ነው። እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ጆን ስኮት ሃልዴንም ከእሱ ጋር ተስማማ።

ክሮግም መጀመሪያ ላይ የመምህሩን ሐሳብ ተቀብሎ ነበር። ከባለቤቱ ከሐኪሟ ከማሪ ክሮግ ጋር ሆኖ ግን በአንዲት ትንሽ የጋዝ አረፋ የደምን ግፊት የሚለካ መሣሪያ ሠራ። በዚህ መሣሪያ ሲለኩ የደሙ የኦክስጅን ግፊት ከሳምባው አየር ግፊት አልበለጠም፤ ሁልጊዜ እኩል ወይም ዝቅ ያለ ሆነ። ሳምባ አይገፋም፤ ኦክስጅን በግፊት ልዩነት ብቻ በስሱ የሳምባ ግድግዳ ያልፋል ማለት ነው። መምህርን በአደባባይ ማፍረስ ቀላል አልነበረምና ክሮግ በ1910 ሰባት ተከታታይ ጽሑፎችን ሲያሳትም ለቦር ያለበትን ውለታ ጠቅሶ ነው። ቦር ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በሚቀጥለው ዓመት፣ 56ኛ ዓመቱን ሊይዝ 11 ቀን ሲቀረው፣ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። ሃልዴን ግን እስከ ሞተበት እስከ 1936 ድረስ ከአሮጌው ሐሳብ አልተላቀቀም።

የሚገርመው፣ ቦር በ1909 ለዚሁ ለስህተት ሐሳቡ ሲከራከር፣ ደም በሳምባ ቀጫጭን የደም ስሮች ውስጥ ሲያልፍ የኦክስጅን ግፊቱ እንዴት ከፍ እያለ እንደሚሄድ የሚያሰላበት ዘዴ አወጣ። ዘዴው ከሐሳቡ በላይ ዕድሜ አገኘ። ማሪ ክሮግ በ1915 በካርቦን ሞኖክሳይድ የሳምባን የማሳለፍ አቅም የለካችበት ጥናት ከእሱ ሥራ የተነሣ ሲሆን፣ ያው ምርመራ ተሻሽሎ ዛሬም በሐኪም ቤት ይሠራበታል። በ1891 ያወጣው ስሌትም፣ ከምንስበው አየር ደም ጋ ሳይደርስ በመተንፈሻ ቱቦ የሚቀረውን መጠን ለማወቅ አሁንም ያገለግላል።

ኒልስ ቦር የዶክተርነት ጽሑፉን ያቀረበው አባቱ በሞተ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በሜይ 1911 ሲሆን ለአባቱ መታሰቢያ አድርጎታል። ክሮግ የ1920ውን የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጡንቻ ሥራ ሲጀምር ተዘግተው የነበሩ ቀጫጭን የደም ስሮች ተከፍተው ኦክስጅኑን ወደ ሕዋሶቹ እንደሚያቀርቡ በማሳየቱ ነው። ኒልስ ከሁለት ዓመት በኋላ የፊዚክሱን ሽልማት ተቀበለ።