ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚያቀና መንገደኛ ኢተያን አለፍ ሲል የጭላሎ ተራራ በግራው ይታየዋል። ለመንገድ ሥራ በዚያ ደጋ በተመላለስሁባቸው ጊዜያት ሽማግሌዎች አዘውትረው ሲያነሡት የሰማሁት የራስ ዳርጌን ስም ነው።

ዳርጌ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የዳግማዊ ምኒልክም አጎት ነበሩ። በአውሮፓ ቤተ መንግሥታት የንጉሥ ልጅ ማዕረጉን ይዞ ይወለዳል፤ በእኛ አገር ግን ራስነት በሹመት ተገኝቶ በሽረት የሚቀር ነበር። የንጉሥ ዘር መሆንማ ለእስራት ሊያበቃ ይችላል። አፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ሲይዙ ዳርጌ ከብላቴናው ምኒልክ ጋር ተማርከው ኋላ በመቅደላ ተቀመጡ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ሲያመልጡ አጎታቸው እዚያው ቀሩ፤ ነፃ የወጡት መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ነው። ወደ ሸዋ ተመልሰውም በዙፋኑ አልተሻሙም፤ በዚያ ዘመን ይህ ብርቅ ነበር።

በ1870ዎቹ የአርሲን ዘመቻ የመሩት እሳቸው ናቸው። አርሲዎች ንጉሥም ራስም አልነበራቸውም፤ በገዳ ሥርዓት አባ ገዳው ስምንት ዓመት መርቶ ለተተኪው ያስረክባል። አንድ ዙፋን ገልብጦ አገሩን መረከብ የማይቻል በመሆኑ ይመስለኛል ጦርነቱ ዓመታት የፈጀው። ሌንጅሶ ዲጋን የመሰሉ የጦር መሪዎች በፈረስ፣ በጦርና በጋሻ ተከላከሉ። ጠመንጃ ግን ርቀትን ያሸንፋል፤ ይህን ለመሐንዲስ ማስረዳት አያሻም። በ1878 ዓ.ም. ማብቂያ አዙሌ ላይ የዳርጌ ጦር ድል አደረገ።

በአኖሌ የሰው እጅና የሴቶች ጡት እንደ ተቆረጠ የአርሲ አባቶች ለልጆቻቸው ሲነግሩ ኖረዋል፤ በ2006 ዓ.ም. በሄጦሳ ወረዳ መታሰቢያ ሐውልት ቆሞለታል። በዝርዝሩ የሚከራከሩ ጸሐፊዎች አሉ። ይሁን እንጂ የራስ ዳርጌን ሕይወት የሚጽፍ ሰው ይህን ዘሎ ወደ ዐድዋ ቢሮጥ፣ የሚያስነብበን ግማሹን ብቻ ነው።

በ1888 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ሸዋን እንዲጠብቁ የተተዉት እኚሁ አጎት ነበሩ። በ1892 ዓ.ም. ዐረፉ። ግዛታቸው ሰላሌ ለልጃቸው ልጅ ለካሳ ኃይሉ ተላለፈ፤ ራስነቱን ግን ካሳ ያገኙት ኋላ፣ በራሳቸው ሹመት ነው።