ሰንሰለት የጠላው የጋፋት ባለ እጅ

እሑድ እሑድ በቤይሩት ዳርቻ በምትገኘው ዶራ፣ በአደባባዩ ዙሪያ ባሉት መንገዶች፣ አማርኛ እንደ ልብ ይሰማል። በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የዕረፍት ቀናቸውን እዚያ ያሳልፋሉ፤ በርበሬና ቡና ይገዛሉ፣ ወደ አገር ቤት ገንዘብ ይልካሉ። ከዶራ ቀና ብሎ ተራራውን ለሚመለከት ብሩማና ትታያለች። በደቡብ በኩል ደግሞ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ሐዝሚዬ የሚባል ሰፈር አለ። በብሩማና ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ዝነኛ ትምህርት ቤት፣ በሐዝሚዬ ደግሞ ሰው የለቀቀው አሮጌ ሆስፒታል ይገኛል። ሁለቱንም የመሠረተው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነው። ይህ ሰው ወደ ሊባኖስ ከመምጣቱ አስቀድሞ ዐሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ኖሯል፤ ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ካቀለጡት ባለ እጆችም አንዱ ነበር።

ሆስፒታሉ የሚታወቀው በቦታው ስም አስፉሪዬ ተብሎ ነው። አዲስ አበቤ አማኑኤል ሲል የሆስፒታሉን ስም ብቻ እየጠራ እንዳልሆነ ሁሉ፣ በሊባኖስ አነጋገርም አስፉሪዬ የእብደት ሌላ ስም ሆኖ ቀርቷል።

ዋልድማየር በ1832 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ተወለደ። በባዝል አቅራቢያ በሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ማሠልጠኛ ተምሮ፣ በኢየሩሳሌም በነበሩት በጳጳስ ሳሙኤል ጎባት አማካይነት፣ በ1850ዎቹ መጨረሻ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ፣ መጽሐፍ ሊያድሉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ የእጅ ሙያቸውን ፈለጉት። በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት አሰፈሯቸው። ዋልድማየርም የንጉሡ ባለሟል የነበረውን እንግሊዛዊ፣ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የተባለውን የጆን ቤልን ልጅ ሱዛንን አገባ። ሱዛን በእናቷ ኢትዮጵያዊት ነበረች።

በጋፋት የነበረው ሥራ ከብረትና ከእሳት ጋር የሚውል ሥራ ነበር። በዚያ ዘመን ብረት ቀጥቃጭ በኢትዮጵያ የሚያስፈልግም የሚፈራም ሰው ነበር፤ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባል ነበር። ሰው በድንገት ቢጮኽ፣ ቢወድቅ ወይም ራሱን ቢስት፣ ዘመዶቹ ሐኪም ከመፈለግ በፊት የበላውን ቡዳ ወይም የያዘውን ዛር ስም ያስለፈልፉታል። አንዱ ሕመም ነው የሚለውን ሌላው መንፈስ ነው ይለዋል፤ በሽተኛው በሁለቱ መካከል ይሰቃያል። እንግዲህ ኋላ ለአእምሮ ሕሙማን የተሟገተው ሰው ወጣትነቱን ያሳለፈው እብደት ያመጣል ተብሎ በሚፈራው ሙያ ላይ ነበር።

ሁለተኛው እንቆቅልሽ የጌታው የዐፄ ቴዎድሮስ ነገር ነው። እቴጌ ተዋበች በ1858 ዐረፉ። በ1860 ደግሞ ፕላውደንና ቤል በየተራ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ የንጉሡ ቁጣ እየበረታ ሄደ፤ ዐመፅ በየአውራጃው ተነሣ፣ ጎንደር ተቃጠለች፣ የአውሮፓ ሰዎች በእግረ ሙቅ ታሰሩ። ከምርኮ ወጥተው ከጻፉት አውሮፓውያን መካከል ንጉሡን እብድ ያሉ አሉ። ይህ ፍርድ የተሟላ አይመስልም፤ ሐዘን፣ ክህደትና የከሸፈ ትልቅ ሐሳብም ሰውን ይለውጣሉና። ዋልድማየር ግን ንጉሡ የሚወድዱት ሰው ስለ ነበር ቸርነታቸውንም ጭካኔያቸውንም በቅርብ አይቷል። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ሲቀልጥ ከሠሪዎቹ ጋር ነበረ፤ መድፉ በተራራና በገደል እየተጎተተ መቅደላ እስኪደርስም ከንጉሡ ጉዞ አልተለየም። መቅደላ ሚያዝያ 1868 ስትወድቅ ቤተሰቡን ይዞ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከኢትዮጵያ ወጣ።

በሊባኖስ መጀመሪያ ያገለገለው በእንግሊዝ የሶርያ ትምህርት ቤቶች ነው። ቀጥሎም ከኩዌከሮች ማኅበር ጋር ተባብሮ በ1873 በብሩማና ሥራ ጀመረ። ትምህርት ቤቱ አድጎ ጸንቶ ሲቆም ማረፍ ይችል ነበር። ነገር ግን በየተራራው መንደር የሚያየው አንድ ነገር እንቅልፍ አልሰጠውም።

በሰሜን ሊባኖስ፣ በቃዲሻ ሸለቆ፣ ቆዝሓያ የተባለ ጥንታዊ የቅዱስ እንጦንስ ገዳም አለ። አእምሮው የታወከ ሰው ጋኔን እንዳደረበት ስለሚታመን በገዳሙ ዋሻ ውስጥ በአንገቱ ሰንሰለት ገብቶለት ይታሰር ነበር። ቅዱሱ ሌሊት መጥቶ ይፈታዋል፤ ሰንሰለቱ ወልቆ ከተገኘ ድኗል ማለት ነው። የሚያመጡት ዘመዶቹ ናቸው፤ የሚያመጡትም አብዛኛውን ጊዜ ከፍቅርና ከተስፋ የተነሣ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ታሪኩን ሁሉ ወደ ጭካኔ ብቻ ይለውጠዋል። በዐረብኛ እብድ መጅኑን ሲባል ቃሉ ራሱ ጂን የሚለውን ስም በውስጡ ይዟል። ያም ሆኖ በዚሁ ምድር ሌላ ልማድም ነበር፤ በሐለብ በ1354 በተቋቋመው የአርጉን ቢማሪስታን የአእምሮ ሕሙማን በሚፈስስ ውኃና በዜማ ድምፅ ይታከሙ እንደ ነበር ይነገራል። ዋልድማየር ይህን ርኅራኄ ከባሕር ማዶ አመጣው ማለት ስሕተት ነው፤ ተቋርጦ የነበረውን ቀጠለ ማለት ይቀርባል።

በ1896 ዕድሜው 60ን አልፎ ሳለ ብሩማናን ተወና ለአእምሮ ሕሙማን ቤት የሚሆን ገንዘብ ፍለጋ ተነሣ። አውሮፓንና አሜሪካን ዞረ። ኩዌከሮች በእንግሊዝ ዮርክ ከተማ ከ1796 ጀምሮ ሕሙማንን በትዕግሥትና በሥራ የሚያክም ቤት ስለ ነበራቸው ሐሳቡ እንግዳ አልሆነባቸውም። በ1898 በአስፉሪዬ መሬት ተገዛ። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ደራሲ ሄንሪ ጄምስ ዝነኛውን የመናፍስት ታሪኩን አሳተመ። በሰው ቤት ተቀጥራ ልጆች የምታስተምር አንዲት ወጣት የሞቱ ሠራተኞች ይታዩኛል ትላለች፤ መንፈስ ይሁን የተጨነቀ አእምሮ፣ አንባቢው እስከ መጨረሻው አያውቅም። ተቺዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። በመጽሐፍ ውስጥ ይህ ክርክር ደስ ያሰኛል። ሰውየው በሰንሰለት ታስሮ ሲጠብቅ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ መቆየት አይቻልም።

ሆስፒታሉ በ1900 ተከፈተ። ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም፣ ድሩዙም፣ አይሁዱም ያለ ልዩነት ይገባ ነበር። ሰንሰለት አልነበረም፤ ሕሙማኑ የሚያርፉባቸው ቤቶች በአትክልትና በዛፍ መካከል ተበታትነው ተሠሩ። ዋልድማየር በአጋንንት መኖር የሚያምን የወንጌል ሰው ነበር፤ ቤቱ ግን ማንንም ሲቀበል ጋኔን ነው ወይስ ሕመም የሚለውን አስቀድሞ አልጠየቀም።

ዋልድማየር በ1915 ዐረፈ። ከእርሱ በኋላ ቤቱ ሌላ ዐይነት ጥያቄ ገጠመው። በ1936 ስመ ጥሯ የዐረብኛ ደራሲ ሜይ ዚያዳ በዘመዶቿ ምክንያት ወደ አስፉሪዬ ገባች። እብድ ናት የሚሉ ነበሩ፤ በሐዘን የተጎዳች፣ ንብረቷ የተፈለገባት ሴት ናት የሚሉም ነበሩ። ጋዜጦች ጮኹላት፣ ወዳጆቿ ተሟገቱላት፤ ከወጣች በኋላ በ1938 በቤይሩት በሕዝብ ፊት ቆማ ባደረገችው ንግግር የአእምሮዋን ጤንነት አስመሰከረች። በካይሮ በ1941 ሞተች። ሰንሰለት በሌለበት ቤት በር ሊዘጋ እንደሚችል የእርሷ ታሪክ ያሳያል፤ ይህ ግን መሥራቹ ያላሰበው ነበር።

አስፉሪዬ በእርስ በርሱ ጦርነት መካከል በ1982 ተዘጋ። ሕንጻዎቹ በሐዝሚዬ ኮረብታ ላይ በዛፎች ተውጠው ቀርተዋል። በቆዝሓያ ዋሻ የታሰሩበት ሰንሰለት ዛሬም ለጎብኚ ይታያል። በጋፋት የቀለጠው ሴባስቶፖልም በመቅደላ አምባ ላይ እንዳለ ነው።