የሊንድሊ መሬይ የሕይወት ታሪክ

በእንግሊዝኛ ትምህርት የቅጽልን ሦስት ደረጃዎች በቃሉ ያላጠና ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። እነዚህን ደንቦች ለተማሪ በሚስማማ አኳኋን ጽፎ በብዙ አገር ያሰራጨውን ሰው ግን የምናውቀው ጥቂቶች ነን።

ሊንድሊ መሬይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1745 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ተወለደ። በልጅነቱ አባቱ ቢቀጣው ከቤት ሸሽቶ በርሊንግተን በተባለች ከተማ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ከታረቁም በኋላ ሕግ ተምሮ በኒውዮርክ ጠበቃ ሆነ፤ በንግድም ብዙ ሀብት አገኘ።

ነገር ግን ገና በጕልማሳነቱ ጡንቻን የሚያደክም በሽታ ያዘው። የአየር ለውጥ ይሻለኛል ብሎ በ1784 ከሚስቱ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረና በዮርክ ከተማ አጠገብ፣ በሆልጌት ተቀመጠ። ጤናው ግን አልተመለሰም፤ መራመድም ተሳነው። በዚያን ጊዜ በዮርክ ያሉ የሴቶች ትምህርት ቤት መምህራት ለተማሪዎቻቸው የሚሆን የሰዋስው መጽሐፍ እንዲያዘጋጅላቸው ለመኑት። እርሱም በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጻፈና መጽሐፉ በ1795 ታተመ። ሁሉን ከራሱ አላመነጨም፤ በ1762 መጽሐፉን ካወጣው ከጳጳሱ ከሮበርት ላውዝና ከሌሎችም ሰብስቦ በሚገባ አሰናዳው እንጂ።

በመጽሐፉ ቅጽል ከስም እንዴት እንደሚወጣ አሳይቷል፤ ጤና ማለት ከሆነው «ሄልዝ» ጤነኛ የሚለው «ሄልዚ» ይወጣል። አጭር ቅጽል በ«ኧር» እና በ«ኤስት»፣ ረዥሙ በ«ሞር» እና በ«ሞስት» እንደሚወዳደር፣ «ጉድ» ግን ከደንቡ ወጥቶ «ቤተር» እና «ቤስት» እንደሚሆን አስረድቷል። ሁለት ማበላለጫ በአንድነት መጨመርንም ከልክሏል። እኛ በአማርኛ ቅጽሉን ሳንለውጥ «ከ» እያልን ስለምናወዳድርና «የበለጠ የተሻለ» ማለትን ስለለመድን «ሞር ቤተር» ብለን ለመሳሳት እንቸኩላለን። እንዲሁም «ፐርፌክት» ማለት ፍጹም ስለ ሆነ ማበላለጫ አይጨመርበትም ብሎ አስተምሯል፤ በዚህኛው ደንብ ግን ዛሬ ሊቃውንት ሁሉ አይስማሙም።

መጽሐፉ በእንግሊዝና በአሜሪካ ከሚሊዮን በላይ ተሸጠ። መሬይ ግን ከመጻሕፍቱ ያገኘውን ገንዘብ ለበጎ ሥራ ሰጠ። በመጨረሻ ዘመኑ ከቤቱ መውጣት ሳይችል ቆይቶ በ1826 በ80 ዓመቱ ዐረፈ። ልጅ አልወለደም፤ የደንቦቹ ተማሪዎች ግን እስከ ዛሬ አላለቁም።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ጤና ሳለን ትምህርት ከበደን ብለን ብንተው ምን ምክንያት እናቀርባለን? መራመድ የተሳነው ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ ይህን ያህል ከሠራ፣ እኛ በእግራችን ወደ ክፍል የምንገባው ከዚያ ያነሰ ልንሠራ አይገባንም።